ጉልበት የሚተካው ሮቦት

አማርኛ ቆጣቢ ቋንቋ ነው። አንድ ቃል ከፈጠረ ለሁለት ለሦስት ነገር ያሠራዋል እንጂ በየጊዜው አዲስ አይፈጥርም። ይህ ቁጠባው ሌላውን ሰው ምን እንዳደረገው አላውቅም፤ እኔን ግን ባለፈው ጥቅምት ወንዝ ዳር፣ ሃያ ሁለት ሰው ፊት አንበርክኮኛል።

«ጉልበት» የምትባለዋን ቃል ነው የምላችሁ። አንደኛው ጉልበት እግር የሚታጠፍበት ነው። ሁለተኛው ጉልበት ሰው ጠዋት ተነሥቶ የሰው ማሳ ላይ የሚያፈሰው ነው። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር፤ ባስፈለገኝ ሰዓት ነው የጠፋኝ።

በመጀመሪያ ያለቀውን ጉልበቴን ላስተዋውቃችሁ። የግራው ነው። ሃያ ስምንት ዓመት በመተማ ቆላ የሰው ትራክተር ስነዳ ፍሪሲዮን የረገጥሁበት። ቀኙ ነዳጅ እየሰጠ ተንደላቆ ኖረ፤ ግራው ሲረግጥ ሲለቅ፣ ሲረግጥ ሲለቅ ኖሮ አለቀ። ዛሬ ከሽንፋ ወጣ ብሎ የራሴ የሰሊጥ ማሳ፣ የራሴ አሮጌ ትራክተር አለኝ፤ ማሳዬን ዞሬ የማይበት እግር ግን የለኝም። ስቀመጥ ይንቋቋል፣ ስነሣ ይንቋቋል። ባለቤቴ ዘነበች ከውጭ ስመጣ የምታውቀኝ በእሱ ነው፤ ውሻችን ሳይጮህ እሷ ውሃ አቅርባ ትጠብቀኛለች።

ያልሞከርሁት መድኃኒት የለም። መተማ ዮሐንስ ገበያ አንድ ጀላብያ የለበሰ ነጋዴ «ይህን ተቀባ፤ የወደቀ ግመል ያስነሣል» ብሎ ከድንበር ማዶ ከገላባት የመጣ ቅባት ሸጠልኝ። ተቀባሁ። ከዚያ ላብ ሲያስቸግረኝ በዚያው እጄ ዓይኔን ጠረግሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ጉልበቴን አላስታወስሁትም። ነጋዴው በሌላ ጊዜ አግኝቶኝ «ተማም ነው?» ብሎ ደህና መሆኔን ሲጠይቀኝ «ለጉልበቱስ ተማም ነው» አልሁት፤ መዋሸት አልወድም።

የእህቴ ልጅ ትዕግስት አዲስ አበባ ሐኪም ናት፤ የአጥንት ሕክምና እየተማረች ነው። ጎንደር የተነሣሁትን ራጅ በስልክ ልኬላት መልስ እየጠበቅሁ ነበር። መልሱ የመጣው ደግሞ ሰሊጡ በደረሰበት ሳምንት ነው።

ሰሊጥ ለማታውቁ ሰዎች፣ ሰሊጥ ትዕግሥት የሌለው እህል ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ከሥር ጀምሮ አፉን ይከፍታል፤ አፉን ከከፈተ ይረግፋል። እኔና ሰሊጥ በዚህ አንድ ነን፤ አፋችንን ስንከፍት ያለን ይረግፋል። በዚያ ሳምንት ማሳዬ ካልታጨደ የዓመት ልፋቴ መሬት ላይ ነው፤ ጉንዳን ይለቅመዋል። እኔ ራሴ ጎንበስ ብዬ እንዳላጭድ ጉልበቴ አይታጠፍም። ተስፋዬ ሁሉ ከጎጃም የመጡት ሃያ ሁለት የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ እኛ አገር ሳሉግ የምንላቸው። አለቃቸው ቢያድግልኝ ይባላል፤ ወሬ የማያበዛ፣ ቀጠን ያለ ሰው ነው፤ ሲያጭድ ግን ማንም አይደርስበትም።

እኛ ማሳ ላይ ኔትወርክ የሚገኘው አንድ ቦታ ነው፤ የትራክተሩ ተሳቢ ላይ ተወጥቶ፣ ፊት ወደ ምሥራቅ ዞሮ። ሠራተኞቹ ምሳቸውን የሚበሉትም ተሳቢው ጥላ ሥር ነው። እኔ ደግሞ ስልክ ሳወራ እጮኻለሁ፤ አዲስ አበባ ሩቅ ስለሆነ።

«ጋሼ» አለችኝ ትዕግስት፣ «በጉልበትዎ መጋጠሚያ ላይ ያለው ልም አጥንት አልቋል። አጥንት ከአጥንት ጋር እየተፋጨ ነው። የሚሻለው መተካት ነው።»

«ኩሽኔታው አልቋል በይኛ» አልኋት።

«እንደሱ ይበሉት። አሁን ደግሞ በሮቦት የሚታገዝ አሠራር አለ። በቅርብ ሥልጠና ላይ አይቼዋለሁ።»

ሮቦቱን እግሬ ውስጥ የሚከቱት መሰለኝ። «ባትሪው ቢያልቅስ? ሽንፋ መብራት ሲጠፋ ሳምንት ነው» አልኋት። ሳቀች። አይደለም አለችኝ፤ እግር ውስጥ የሚገባው ብረትና ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ያለቀውን የአጥንት ጫፍ ቆርጠው እሱን ያለብሱታል፤ ሮቦቱ ሲቆረጥ ብቻ ነው የሚያግዘው። እንግዲያ ሐኪሙ ሮቦቱን አስነሥቶ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል ማለት ነው ብዬ ደነገጥሁ። እሱም አይደለም። መጀመሪያ ጉልበቱን በሲቲ ስካን ያነሡትና ካርታውን ኮምፒውተር ላይ ያወጡታል። ሐኪሙ የት ጀምሮ የት እንደሚያቆም ይወስናል። ቀዶ ጥገናው ላይ አጥንቱ ላይ የሚተከሉ ምልክቶች አሉ፤ እግሩ የት እንዳለ ለማሽኑ ይነግሩታል። መጋዙ የሮቦቱ እጅ ላይ ነው፤ የሮቦቱን እጅ ግን የሚይዘው ሐኪሙ ነው። መጋዙ ከተሰመረለት ልውጣ ካለ ቀጥ ይላል።

«ራሱ አያስብም፣ ጋሼ። የሚያስበው ሐኪሙ ነው።»

ይኼኔ በራልኝ። ትራክተር ስማር ያስተማረኝ ሰው ከማሳው ጫፍ ችካል ተክሎ «እሱን እያየህ ንዳ፤ ከወጣህ እጮኽብሃለሁ» ይለኝ ነበር። «ችካሉ ነዋ!» ብዬ ጮኽሁ። ትዕግስት ችካል የምትለዋን አላወቀቻትም፤ የከተማ ልጅ ናት፤ ግን አልተከራከረችኝም።

«ዋናው ነገር ግን ጋሼ...» ስትል መስመሩ ተቋረጠ። እኛ አገር ዋናው ነገር ሁልጊዜ ኔትወርኩ ከሄደ በኋላ ነው የሚቀረው።

ከሰዓት በኋላ ዳሱ ሥር አንገረቤ፣ የጠፍር አልጋዬ ላይ እግሬን ዘርግቼ ሳለ ቢያድግልኝ ማጭዱን ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ያ በስልክ ሲሉት የነበረው እውነት ነው እንዴ? ሮቦት እሚሉት ጉልበት ሊተካ ነው?»

እኔ ደግሞ የተማርሁት ሳይበርድ የሚሰማኝ ሰው ስፈልግ ነበር። ዘነበች ሁለት ጊዜ ሰምታኝ ሦስተኛውን «ሽሮ ያርርብኛል» ብላ ሄዳለች።

«እውነት ነው። ላስረዳህ» አልሁት።

ሌሎቹም ማጨዳቸውን ትተው ጠጋ ጠጋ አሉ። ይህን ያህል ሰው ጸጥ ብሎ ሲሰማኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ስለነበር ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

«መጀመሪያ ፎቶ ያነሡታል፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን። ካርታው ኮምፒውተር ላይ ይወጣል። የት ጀምሮ የት እንደሚያቆም ይሰመርለታል። ከዚያ መቁረጥ ብቻ ነው። ከመስመሩ ንቅንቅ አይልም።»

«በማጭድ ነው እሚቆርጥ?»

«ምን ማጭድ አመጣህ፤ በመጋዝ ነው። በኤሌክትሪክ መጋዝ።»

ከኋላ አንዱ «በመጋዝ ነው አለ» ብሎ ላልሰማው ነገረው።

«ስንት ቀን ይፈጅበታል?»

«ቀን?» ብዬ ሳቅሁ። «ሁለት ሰዓትም አይሞላው።»

ቢያድግልኝ ዞር ብሎ ማሳውን አየ፤ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ። እኔም አብሬው አየሁ። ለምን እንደሚያየው ግን አልጠየቅሁም።

«አይደክመውም?»

«ብረት ምን ይደክመዋል።»

«የድሮው ጉልበትስ?»

«የድሮው ተቆርጦ ይጣላል። ስንት ዓመት ታገሥሁት። ትንሽ ሲያሠሩት ያቃስታል፤ ዝናብ ሲመጣ ያማርራል፤ ቀን ሳይሠራ ውሎ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣኛል። ከእንግዲህስ አልሸከመውም።»

ማጭዱን ወደ ሌላ እጁ አዛወረና «እኛስ ጋሼ?» አለኝ።

ስለ ጤናቸው የጠየቀኝ መሰለኝ። ደግ ሰው ነኝ እኮ፤ እጁን ይዤ አጽናናሁት።

«እናንተ ገና ልጆች ናችሁ። እናንተ ጋ እስኪደርስ ጊዜ አለው» አልሁት። «ግን አይቀርላችሁም።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ራሴ ከተመለጠ ቆይቷል፤ ያኔም አላወቅሁትም።

በማግስቱ ጠዋት ማሳው ላይ አንድ ሰው የለም። ትናንት የታጨደው ነዶ ቆሟል፤ ያልታጨደው ቢጫውን እንደ ለበሰ ይጠብቃል። የሠራተኞቹ የላስቲክ ዳስ ፈርሷል፤ ድስታቸውም የለም። ጎንበስ ማለት ስለማልችል በከዘራዬ አንዱን የሰሊጥ ፍሬ ገፋ አደረግሁት። ጫፉ ሊሰነጠቅ ትንሽ ነው የቀረው።

ዘነበች ኔትወርክ ፍለጋ ተሳቢው ላይ ወጥታ ነበር።

«ምን ብለሃቸው ነው?» አለችኝ ከላይ ሆና።

«ምን እላቸዋለሁ፤ ስለ ጉልበቴ ነው ያወራኋቸው።»

«ስለ ጉልበትህ ነው ወይስ ስለ ጉልበት?»

«ምን ልዩነት አለው?»

ከላይ ቁልቁል አየችኝ። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር እንደዚያ ያየችኝ የሠርጋችን ዕለት ሚዜዋን እሷ መስላኝ የሳምሁ ጊዜ ብቻ ነው።

«ትናንት ምሳ ሰዓት እዚህ ላይ ቆመህ 'ጉልበት በሮቦት ሊተካ ነው? እሰይ! አሮጌውን ቆርጣችሁ አውጡልኝ!' እያልህ ትጮኽ ነበር። የጉልበት ሠራተኛ ምሳውን እየበላ። እኔ ማጀት ሆኜ ሰምቼሃለሁ።»

ቀስ እያለ ገባኝ። መጋዙ፣ ሁለት ሰዓቱ፣ «አይቀርላችሁም» ያልሁት፣ ሁሉም በየተራ እየመጣ ገባኝ። ይኼኔ የዘነበች ስልክ ጮኸ፤ ከትዕግስት የመጣ መልእክት ነበር። አነበበችልኝ። «ጋሼ ትናንት ተቋረጠብን። ዋናው ነገር ሮቦቱ እኛ ሆስፒታል የለም። እኛ የምንሠራው በእጅ ነው። በእጅም ጥሩ ይሆናል፤ አይስጉ።»

በሌለ ሮቦት ነው ለካ ሃያ ሁለት ሰው ያባረርሁት። ያለ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው።

በእግሬ ልከተላቸው አልችልም፤ ባጃጅም እዚያ ድረስ አይመጣም። ዘነበችን ከተሳቢው አስወርጄ ትራክተሩ ላይ ወጣሁ። ፍሪሲዮኑን በከዘራዬ ተጭኜ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ወደ ሁለተኛ ለመቀየር ሁለት ጊዜ ሞከርሁ፤ አንዴ ከዘራዬ አመለጠኝ፣ አንዴ ሞተሩ ጠፋ። በአንደኛ ማርሽ ሄድሁ። እንደዚያ የሚሄድ ትራክተር አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም፤ አንዲት ዶሮ ለረጅም ጊዜ ፊት ፊቴ ስትሄድ ቆይታ በኋላ ሰልችቷት ወደ ዳር ወጣች።

ወንዙ ከመድረሴ በፊት ከሩቅ አየኋቸው፤ ወደ መኪና መንገዱ እየሄዱ ነው። ጥሩንባ ነፋሁ። ዞር ብለው አዩኝና ፈጠን አሉ። ደግሜ ነፋሁ፤ ይበልጥ ፈጠኑ። ለምን እንደሆነ በኋላ ነው የተረዳሁት። ተሳቢው ላይ የውሃ በርሜላችን ነበር፤ ዘነበች ፀሐይ እንዳይመታው ሸራ አልብሳው። እኔ ሮቦቱን ጭኜ እያሳደድኋቸው መስሏቸው ነው።

ደክሟቸው ወንዙ ዳር ግራር ሥር ቁጭ ባሉበት ደረስሁባቸው። ስወርድ አንዱ ወደ በርሜሉ በአገጩ እያመለከተ «እሱ ነው?» አለኝ።

«ውሃ ነው» አልሁት።

«ውሃም ይጠጣል ማለት ነው» አለ ለጎረቤቱ።

ቢያድግልኝ ተነሣ። ተናዶ አላየሁትም፤ ጠብ ቢጀምር ይሻለኝ ነበር።

«ቢያድግልኝ» አልሁት፣ «ጉልበት ያልሁት ጉልበቴን ነው።»

«እኮ ጋሼ። እርስዎ ጉልበትዎን ሲተኩ እኛ ምን እንሆናለን?»

«እናንተን አይደለም፤ ይኼን ነው!» ብዬ እግሬን መታሁት። የተናደድሁ መሰላቸውና ሁለቱ ወደ ኋላ አሉ። ሱሪዬን ሰብስቤ ላሳያቸው ስል ቦቲዬ ውስጥ የተከተተው አልወጣ አለ። ሮቦቱ የለም ብል ማን ያምነኛል፤ ትናንት ሁለት ሰዓት አይሞላውም ያልሁ እኔ ነኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

እንግዲህ አገራችን የበደለ ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ነጠላዬን አደገደግሁና «በጉልበታችሁ ልውደቅ» ብዬ ወደ መሬት ዝቅ አልሁ። ቀኙ እሺ ብሎ ታጠፈ። ግራው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ አሰበ፣ ከዚያ «ቋ!» አለ። ወንዝ ማዶ ውሃ ይጠጣ የነበረ አህያ ቀና ብሎ አየን።

ተንበረከክሁ። ይቅርታ የጠየቅሁት ግን ለአጭር ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተንበርክኬ የቆየሁት መነሣት አቅቶኝ ነው።

ቆይቶ ከመካከላቸው አንድ በዕድሜ የገፋ ሰውዬ «ይኼ ድምፅ ከሰው ነው የወጣ?» ብሎ ጠየቀ።

ቢያድግልኝ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። መዳፉን የግራ ጉልበቴ ላይ ጫን አድርጎ «እስቲ ትንሽ ያንቀሳቅሱት» አለኝ። አንቀሳቀስሁት፤ ሲፋጭ መዳፉ ላይ ተሰማው።

«ይኼን ነው?»

«ይኼን ነው።»

«መጋዙ ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«ሁለት ሰዓት ያሉት...»

«ለዚህ ነው፣ ወንድሜ።»

መጀመሪያ የሳቀው ያ አሮጌው ሰውዬ ነው። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ አንዱ ውሃው ዳር ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ቀረ። እኔም እዚያው እንደተንበረከክሁ ሳቅሁ፤ ሌላ የምሠራው ነገር አልነበረኝም። ሁለቱ ብብቴን ይዘው አነሡኝ።

ስንመለስ እነሱ ተሳቢው ላይ፣ ቢያድግልኝ ከግራ ጎኔ መርገጫው ላይ ቆሞ ፍሪሲዮኑን በእግሩ እየረገጠልኝ፣ እኔ ማርሽ እየቀየርሁ ሄድን። ጥቂት ከተጓዝን በኋላ እንዲህ አለኝ።

«ጋሼ፣ መጋዙ አይደለም ያስከፋኝ። ሳቅዎ ነው። 'ቀን?' ብለው የሳቁት።»

አፈርሁ። አፍሬ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጅ እግር ትራክተር ነጂ ሆኜ ወደዚህ ቆላ ስመጣ፣ በሬ ጠምደው ያርሱ የነበሩ ሰዎች ማሳው ዳር ቁጭ ብለው ያዩኝ ነበር። እነሱ ሳምንት የሚፈጅባቸውን እኔ በአንድ ቀን ስጨርሰው ጥሩንባ እየነፋሁ በአጠገባቸው አልፍ ነበር። ያኔ ጨዋታ መስሎኝ ነው። ለቢያድግልኝ ይህን ነገርሁት። እሱ ፍሪሲዮኑን በደንብ ረገጠልኝ።

ሰሊጡ በአምስት ቀን ታጨደ። ከዳር ዳሩ አንዳንዱ አፉን መክፈት ጀምሮ ነበር፤ የቀረው ተረፈ። በነዚያ አምስት ቀናት ማሳው ላይ የማያሾፍብኝ አልነበረም። ውሃ ሲያምራቸው «ለሮቦቱ ውሃ» ይላሉ፤ እኔ ከአንገረቤ ስነሣ «ቋ!» ብለው በአንድ ድምፅ ይቀድሙኛል።

በመጨረሻው ቀን ቀትር ላይ ቢያድግልኝ የመጨረሻዎቹን ነዶዎች ሲያስር በከዘራዬ እያዘገምሁ ወደሱ ሄድሁ። ለሕክምናው ከሳምንት በኋላ አዲስ አበባ እንደምወጣ ነገርሁት።

«እግዜር ይማርዎ» አለኝ። ትልቁን ነዶ ታቅፎ ሊነሣ ሲል ግማሽ ላይ ቆመ፤ ጭኑን በእጁ ደገፈ። ከዚያ ከእግሩ «ቋ» የሚል ድምፅ ወጣ። የኔ አልነበረም፤ እኔ ቆሜያለሁ።

ተያየን። ገና ልጅ ነህ ያልሁት ሰው ነው።

«ስንት ዓመትህ ነው?» አልሁት።

«ሠላሳ አራት።»

ነዶውን እንደታቀፈ ፈገግ ብሎ «የኔን ጉልበትስ ማን ይተካው ይሆን ጋሼ?» አለኝ።

የትኛውን ጉልበት ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። እሱንም አልጠየቅሁት። ከዘራዬን መሬት ላይ ጣልሁና ነዶውን በአንድ በኩል ያዝሁለት።